«ልጄ ክብደት የማይጨምረው ሆርሞን ጎድሎት ነው?» ያለጊዜያቸው ስለተወለዱ ሕፃናት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማሞቂያ ክፍል በር ላይ የቆመች እናት በየጠዋቱ የምትጠብቀው አንድ ቁጥር አለ። ግራም። ትናንት 1,240 ነበር፤ ዛሬ 1,225 ሆነ። አሥራ አምስት ግራም ማለት አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ነው። ለእሷ ግን ሰማይ ተደፋባት። ወዲያው አንዱ ዘመድ ይደውልና «ሆርሞኑ ታይቷል?» ይላል። ጎረቤት ደግሞ «ውጭ አገር እኮ የማሳደጊያ መርፌ አለ» ትላለች።

እነዚህን ጥያቄዎች ደጋግሜ ስለምሰማ መልሳቸውን አንድ ቦታ ሰብስቤያለሁ። ሐኪማችሁን አይተካም። ሐኪሙ ቆም ብሎ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚነግራችሁን ለመረዳት ግን ያግዛል።

«ያለጊዜው ተወለደ» የሚባለው ስንት ወር ላይ ነው?

ሐኪሞች የሚቆጥሩት በሳምንት ነው። 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሁሉ ያለጊዜው የተወለደ ይባላል። አብዛኞቹ ከ32 እስከ 37 ሳምንት ባለው ጊዜ ይወለዳሉ። ከ28 ሳምንት በታች የሚወለዱት ጥቂት ናቸው፤ አደጋው የሚከፋውም እነሱ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳሰላው በ2020 እ.ኤ.አ. 13.4 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ያለጊዜያቸው ተወልደዋል። ከአሥር አንዱ እንደማለት ነው።

«የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ግን አያድግም» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት አይደለም። ልጁ ማህፀን ውስጥ የሚቆይባት እያንዳንዷ ሳምንት ትርፍ ናት። የስምንት ወሩ ከሰባት ወሩ ይሻላል፤ ነገሩ እዚህ ጋ ያልቃል።

ትንሽ ሆኖ መወለድና ያለጊዜ መወለድም አንድ አይደሉም። በ33 ሳምንት 2,000 ግራም ሆኖ የተወለደ ልጅ ለጊዜው ልኩ ነው፤ የቸኮለው መውጣቱ ብቻ ነው። በ39 ሳምንት 2,000 ግራም የሆነው ግን ማህፀን ውስጥ እያለ በቂ ምግብ አልደረሰውም ማለት ይሆናል። የሁለቱ የሆርሞን ታሪክም የኋላ እድገትም ይለያያል። ስለዚህ ክብደቱን ብቻ ሳይሆን በስንት ሳምንት እንደተወለደም ያዙ።

ማህፀን ውስጥ ልጁን የሚያሳድገው የትኛው ሆርሞን ነው?

ብዙ ሰው «የእድገት ሆርሞን» የሚለውን ስም ሲሰማ እሱ ይመስለዋል። አይደለም። የእድገት ሆርሞን አንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ከምትባል ትንሽ ዕጢ ይመነጫል። በፅንሱ ደም ውስጥም ሞልቷል። ችግሩ የሚሰማው የለም፤ መልእክቱን የሚቀበሉት የሰውነት ክፍሎች ገና አልተዘጋጁም። ለዚህ ነው የእድገት ሆርሞን ጨርሶ የሌለው ልጅ እንኳ ሲወለድ ከሌላው ብዙም የማያንሰው። ማጠሩ የሚታየው ቆይቶ ነው።

ማህፀን ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ሁለት ናቸው። አንዱ ኢንሱሊን ነው። አዎ፣ ያው የስኳር በሽታው ኢንሱሊን። የስኳር ሕመም ያለባት እናት ብዙ ጊዜ ትልቅ ልጅ የምትወልደው ለምን ይመስላችኋል? ትርፍ ስኳር ወደ ፅንሱ ያልፋል፣ የፅንሱ ቆሽት ትርፍ ኢንሱሊን ያመነጫል፣ ልጁ ይወፍራል። ሁለተኛው በአጭሩ አይጂኤፍ-1 ይባላል። ቅርፁ ኢንሱሊንን ስለሚመስል ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ምግብ በደንብ ሲደርስ ይጨምራል፣ ምግብ ሲያንስ ይቀንሳል።

እንግዴ ልጅም ዝም ብላ ምግብ የምታሳልፍ ቱቦ አይደለችም። ራሷ ትልቅ ዕጢ ናት። ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን ታመርታለች፣ ከእናት የሚመጣውን የታይሮይድ ሆርሞን ታሳልፋለች፣ የእናትየውን ሰውነት ለልጁ እንዲያደላ ታደርጋለች። በ28 ሳምንት አንድ ኪሎ ገደማ የነበረ ፅንስ በ40 ሳምንት ከሦስት ኪሎ በላይ ይሆናል። በ12 ሳምንት ሦስት እጥፍ! ከዚያ በኋላ በሕይወቱ እንዲህ የሚያድግበት ጊዜ የለም። ያለጊዜው የተወለደው ልጅ ያመለጠው ይሄ ጊዜ ነው።

ታዲያ ሲወለድ ምኑ ነው የሚቋረጠው?

እትብቱ ሲቆረጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቋረጣል። ምግቡም፣ የእናት ሆርሞኑም። ጊዜውን ጠብቆ ለተወለደ ልጅ ይሄ ችግር የለውም፤ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። በ27 ሳምንት የወጣው ግን ገና ስንቁን አልቋጠረም።

አይጂኤፍ-1 በእርግዝናው የመጨረሻ ሦስት ወራት ከፍ እያለ መሄድ ነበረበት። ያለጊዜው በተወለደው ልጅ ላይ ግን ከወሊድ በኋላ ዝቅ ይልና ለሳምንታት እዚያው ይቆያል። ኢንፌክሽን ሲገባ ይባስ ይወርዳል። ምግቡ ሲስተካከል ቀስ ብሎ ይነሳል።

ይሄ የክብደት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ዓይንም አለበት። ሬቲና በሚባለው፣ ከዓይን ጀርባ ባለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን ላይ የደም ሥሮች የሚያድጉት አይጂኤፍ-1 ሲኖር ነው። ሲጎድል እድገታቸው ይቆማል። በኋላ፣ ከ32 ሳምንት ወዲህ ሲነሳ ደግሞ ያለ ሥርዓት ይበቅላሉ፤ ልጁን ዓይነ ስውር ሊያደርጉትም ይችላሉ። ከመጠን ያለፈ ኦክስጅን ሲታከልበት አደጋው ይከፋል። በስዊድን ጎተንበርግ ያሉ ተመራማሪዎች በዚህ ላይ ለዓመታት ሠርተዋል። ያገኙት ነገር ለወላጅ የሚጠቅም ነው፤ በየሳምንቱ የሚለካ ክብደት ብቻውን የትኛው ልጅ ለዓይን ችግር እንደተጋለጠ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። ክብደቱ የቀዘቀዘ ልጅ ሆርሞኑም ዝቅ ያለ ነው። ነርሷ በየጊዜው የምትመዝነው እናትን ለማስጨነቅ አይደለም።

ከጎደለው ታዲያ ለምን አይሰጡትም?

ተሞክሯል። በጣም ቀድመው ለተወለዱ ሕፃናት አይጂኤፍ-1 በደም ሥር ተሰጥቶ ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ዓይኑን አልጠበቀም። ከባድ የሳንባ ሕመም መድኃኒቱን ባገኙት ላይ ቀንሶ ታይቷል፤ የታሰበው ዋና ግብ ግን እሱ አልነበረም። በየሆስፒታሉ የሚሰጥ ሕክምና አልሆነም።

የእድገት ሆርሞን መርፌም ክብደት ይጨምር ተብሎ ለአዲስ የተወለደ ልጅ አይታዘዝም። ምክንያቱን ከላይ አይተናል፤ ሰሚ የለውም። መርፌው የሚታሰበው በጣም ትንሽ ሆነው ተወልደው ሁለት ወይም አራት ዓመት ሞልቷቸውም እኩዮቻቸውን ላልደረሱ ልጆች ነው። አሜሪካ ከሁለት ዓመት ጀምሮ ይፈቀዳል፣ አውሮፓ ከአራት። ያለጊዜያቸው የተወለዱት አብዛኞቹ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ራሳቸው ይደርሳሉ። ስለዚህ በአንድ ወር ልጅ ላይ «የማሳደጊያ መርፌ ካለ እባካችሁ ላኩልን» እያሉ ውጭ ያለውን ዘመድ ማስጨነቅ ጥቅም የለውም። ገንዘቡን ለእናትየው ምግብና ለትራንስፖርት ቢልክ ይሻላል። እውነቴን ነው።

ከመውለዴ በፊት «ለሳንባው» ብለው መርፌ ወግተውኛል። ሆርሞን ነው?

ነው። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ሆርሞን ሆኖ በእርግጥ ሕይወት ያዳነው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ፅንሱ መወለጃው ሲቃረብ ከኩላሊቱ በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ኮርቲሶል ማመንጨት ይጨምራሉ። ኮርቲሶል ሳንባን ያበስላል። የአየር ከረጢቶቹ እንዳይጣበቁ የሚያደርገው ቅባት መሰል ፈሳሽ እንዲመረት ያዛል። ቀድሞ የተወለደው ልጅ ይሄ ትእዛዝ አልደረሰውም። ለዚህ ነው ሲተነፍስ የሚያቃስተውና ደረቱ ወደ ውስጥ የሚገባው።

ነገሩ የተገኘው በበግ ነው። ግሬሃም ሊጊንስ የሚባል የኒውዚላንድ ሐኪም በ1960ዎቹ ምጥ እንዴት እንደሚጀምር ለማወቅ በጎች ላይ ይመራመር ነበር። ስቴሮይድ፣ ማለትም ኮርቲሶልን የመሰለ መድኃኒት፣ የተሰጠው ግልገል ቀድሞ ተወለደ። በዚያ ዕድሜው መተንፈስ አልነበረበትም፤ እሱ ግን ተነፈሰ። ሳንባው ሲታይ በከፊል አየር ገብቶበታል። ሊጊንስ ከባልደረባው ከሮስ ሃዊ ጋር ሆኖ ኦክላንድ ውስጥ በ282 እናቶች ላይ ሞከረው። በ1972 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት የመተንፈስ ችግሩ መርፌውን ካላገኙት 25.8 በመቶው ላይ፣ ካገኙት ግን 9 በመቶው ላይ ብቻ ታየ። እንዲህም ሆኖ መርፌው በየአገሩ የተለመደ ሕክምና እስኪሆን ሃያ ዓመት ገደማ ፈጅቷል።

መርፌው ሁለት ዓይነት ነው። ቤታሜታሶን ከሆነ 12 ሚሊ ግራም ሁለቴ፣ በ24 ሰዓት ልዩነት። ዴክሳሜታሶን ከሆነ 6 ሚሊ ግራም አራት ጊዜ፣ በየ12 ሰዓቱ። ዴክሳሜታሶን ርካሽና በየቦታው የሚገኝ መድኃኒት ነው። በደንብ የሚሠራው ከመጀመሪያው መርፌ 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ እስከ አንድ ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ምጥ ያለጊዜው የመጣባት ሴት «እስቲ እስከ ነገ ልየው» ማለት የለባትም። የምታባክነው ልጇ የሚበስልበትን ሰዓት ነው።

«ድሃ አገር ላይ ይሠራል ወይ?» የሚል ክርክር ለብዙ ጊዜ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በፓኪስታን፣ በሕንድና በባንግላዴሽ አስጠንቶ ውጤቱን በ2020 እ.ኤ.አ. አሳወቀ። በመጀመሪያው ወር የሞቱት ሕፃናት መርፌው ካልተሰጣቸው እናቶች ከተወለዱት 23.5 በመቶ፣ ከተሰጣቸው ግን 19.6 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ የተካሄደው ግን የእርግዝናው ሳምንት በአልትራሳውንድ በተረጋገጠበትና ልጁ ሲወለድ የሚንከባከበው ክፍል ባለበት ሆስፒታል ነው። መርፌው ብቻውን ተአምር አይሠራም። በየሳምንቱ እየደጋገሙ መውጋትም የፅንሱን ክብደት ስለሚቀንስ አይመከርም።

ከተወለደ በኋላስ ስቴሮይድ ቢሰጠው?

ይሄ ሌላ ታሪክ ነው። በአንድ ወቅት ከመተንፈሻ ማሽን ቶሎ ለማላቀቅ ተብሎ ዴክሳሜታሶን በመጀመሪያው ሳምንት በብዛት ይሰጥ ነበር። በኋላ ልጆቹ ሲያድጉ ሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር፣ በዝቶ ተገኘ። እድገትንም ያቆማል። አሁን የሚሰጠው ከማሽን መላቀቅ ላቃተው ልጅ፣ ዘግየት ተብሎና በትንሽ መጠን ነው። ያው ሆርሞን ከመወለድ በፊት ሲያድን፣ ያለቦታው ሲገባ ይጎዳል።

ስኳሩ አንዴ ወረደ፣ አንዴ ወጣ ይሉኛል። የስኳር በሽታ ይዞት ነው?

አይደለም። የጉበት የስኳር ክምችት የሚሞላው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው። ቀድሞ የተወለደ ልጅ ክምችት ስለሌለው ምግቡ ትንሽ ሲዘገይ ስኳሩ ይወርዳል። በጣም ትንሽ የሆኑት ደግሞ በደም ሥር ግሉኮስ ሲሰጣቸው ይወጣባቸዋል፤ ቆሽታቸው ኢንሱሊንን ገና በደንብ አያዘጋጅም፣ ጉበታቸውም አይታዘዝለትም። ተረከዙን በየሰዓቱ የሚወጉት ለዚህ ነው። ማየቱ ያስከፋል፣ ግን ይጠቅማል።

«ኢንሱሊን ያሳድጋል ካላችሁ ለሁሉም ብትሰጡስ?» ያሉ ሐኪሞች ነበሩ። በአውሮፓ ተሞክሮ በ2008 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ወጣ። ጥናቱ ሳያልቅ ተቋርጧል። ስኳራቸው የሚወርድባቸው በዙ፣ የተጠበቀው ጥቅምም አልታየም። አሁን የሚሰጠው ስኳሩ በጣም ከፍ ብሎ አልወርድ ላለው ብቻ ነው።

የታይሮይድ ምርመራው «ይደገም» ተባለ። ምን ማለት ነው?

ይሄ ጥያቄ በብዛት የሚመጣው ከአሜሪካ፣ ከእስራኤልና ከአውሮፓ ነው። እዚያ እያንዳንዱ ሕፃን ከተረከዙ የደም ጠብታ ይወሰድለታል። ከዚያ ስልክ ይደወላል፤ «ውጤቱ ልክ ስላልሆነ ይዛችሁት ኑ»። እናት ያን ሌሊት አትተኛም።

ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ልጅ ገና እንደወጣ፣ ቅዝቃዜው ሲነካው፣ ቲኤስኤች የሚባለው አዛዥ ሆርሞን ሽቅብ ይወጣል። ታይሮይድ ዕጢም ሥራ ይጀምራል። ያለጊዜው የተወለደው ላይ ግን አዛዡ ራሱ አልበሰለም። ሆርሞኑ ለጥቂት ሳምንታት ዝቅ ብሎ ይቆይና ብዙውን ጊዜ በራሱ ይስተካከላል። ችግሩ እውነተኛው የታይሮይድ ጉድለትም በዚህ መሃል ሊደበቅ ይችላል። ቲኤስኤች ዘግይቶ ስለሚወጣ የመጀመሪያው ምርመራ «ጤነኛ ነው» ብሎ ሊያሳልፈው ይችላል። ስለዚህ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገማል። መደገሙ ጥንቃቄ ነው፤ ልጁ ታሟል ማለት አይደለም።

እውነተኛ ጉድለት ከሆነ ግን ሕክምናው አይዘገይም። በየቀኑ የሚሰጥ የተፈጨ እንክብል ነው። ቶሎ ከተጀመረ አእምሮውን ይጠብቃል፤ ከዘገየ የጠፋው አይመለስም። የአድሬናል ዕጢ ምርመራም እንዲሁ ያለጊዜያቸው በተወለዱት ላይ ብዙ ጊዜ በሐሰት ከፍ ብሎ ይወጣል። አትደንግጡ፣ ግን ቀጠሮውን አትለፉ።

በእኛ አገር ይህ ምርመራ በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም። ሐኪሙን መጠየቅ ግን ነውር የለውም፤ በተለይ ልጁ ከ1,500 ግራም በታች ከነበረ፣ ከልክ ያለፈ እንቅልፍ፣ የሆድ ድርቀትና የማይለቅ ቢጫነት ካለበት። አንድ ነገር ግን እቤታችን አለ፤ አዮዲን ያለው ጨው። ታይሮይድ ያለ አዮዲን አይሠራም፤ ደጋው ላይ እንቅርት የሚበዛው ለዚህ ነበር። ኢትዮጵያ ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ በ2011 እ.ኤ.አ. ደንብ አውጥታ አስገድዳለች። ጨዉን የምትበላው እናት ናት፤ ልጁ በወተቷ ያገኘዋል። በተቃራኒው ቁስል ማጽጃ አዮዲን በሕፃን ቆዳ ላይ በብዛት ሲቀባ ወደ ውስጥ ይገባና ዕጢውን ያፍነዋል። እትብቱ ላይ ከራሳችሁ አትቀቡ።

የሴት ልጄ ጡት አበጠ። ደግሞም ዳይፐሯ ላይ ትንሽ ደም አየሁ።

የሚያስደነግጥ ነገር ነው፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ከተወለደች በኋላ ባሉት ወራት የልጅቷ አንጎል የጾታ ሆርሞኖችን ለጥቂት ጊዜ ከፍቶ መልሶ ይዘጋቸዋል። ሐኪሞች ትንሿ ጉርምስና ይሏታል። ያለጊዜያቸው በተወለዱት ላይ፣ በተለይ በሴቶቹ፣ ይበረታል፤ ረዘም ብሎም ይቆያል። ጡቱን እንዳትጨምቁት! «ወተቱ ይውጣለት» ብለው የሚያልቡ አሉ። ኢንፌክሽን ያመጣል። ደሙ ካላቆመ ወይም ሆዷ ከተነፋ ለሐኪም አሳዩ።

ወንዶቹ ላይ የሚታየው የዘር ፍሬው አለመውረዱ ነው። ወደ ከረጢቱ የሚወርደው በሆርሞን ትእዛዝ በመጨረሻዎቹ ወራት ነው። ጊዜያቸውን ጠብቀው ከተወለዱት ሦስት በመቶው ላይ፣ ያለጊዜያቸው ከተወለዱት ግን ሠላሳ በመቶ ገደማው ላይ ሳይወርድ ይገኛል። አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ወራት ይወርዳል። ስድስት ወር አልፎም ካልወረደ ቀዶ ሐኪም ይየው።

ወተቴ አልመጣም። ልጄ ማሞቂያ ውስጥ ነው፣ አይጠባም።

እዚህ ላይ የእናሲቱ ሆርሞን ይበልጣል። እንግዴ ልጅ ስትወጣ ፕሮጄስትሮን ይወርዳል፤ ወተት የማምረቱ በር የሚከፈተው ያኔ ነው። ፕሮላክቲን ወተቱን ይሠራል፣ ኦክሲቶሲን ያወጣዋል። ፕሮላክቲን የሚታዘዘው ለጡቱ መታለብ ነው። ልጁ ካልጠባ እጃችሁ ወይም ፓምፕ መጥባት አለበት።

በመጀመሪያው ሰዓት፣ ቢዘገይ በስድስት ሰዓት ውስጥ ጀምሩ። በ24 ሰዓት ስምንት ጊዜና ከዚያ በላይ እለቡ። ሌሊቱን አትዝለሉ፤ ፕሮላክቲን ሌሊት ከፍ ይላል። መጀመሪያ የምታገኙት ጥቂት ጠብታ እንገር ነው። «ይህቺን ብቻ?» ብላችሁ እንዳትደፉት። ለዚያ ልጅ ከመድኃኒት ይበልጣል። የእናት ወተት ካሎሪ ብቻ አይደለም፤ ሌፕቲን፣ ኢንሱሊን፣ አይጂኤፍ-1 እና ሌሎችም የአንጀት ማብሰያዎች አሉበት። የእናቱን ወተት የሚያገኝ ልጅ አንጀትን ከሚያበሰብሰው ከባድ በሽታ ይበልጥ ይጠበቃል።

ኦክሲቶሲን በጭንቀት ይደነግጣል። ስትታለቡ የልጁን ፎቶ ተመልከቱ፣ ልብሱን አሽትቱ። እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። አራስ በእኛ ባህል አጥሚት ይቀርብላታል፣ ገንፎ ይገነፋላታል፣ ቤቱ ሁሉ ለእሷ ይቆማል። ልጇ ማሞቂያ ክፍል ያለች አራስ ግን ኮሪደር ላይ በፕላስቲክ ወንበር ታድራለች። ያቺም አራስ ናት። አጥሚቱን እዚያው ውሰዱላት።

አብሽ ለእናቲቱ ከሆነ ትጠጣው። ለልጁ ግን አብሽም፣ ቅቤም፣ ስኳር ውሃም በጭራሽ። ያልበሰለ አንጀት አይችለውም።

ደረት ላይ ማቀፉ በእርግጥ ያሳድጋል?

ያሳድጋል። ያድናልም። የካንጋሮ እንክብካቤ የተጀመረው በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ቦጎታ ነው። ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ ማሞቂያው አልበቃ ሲለው ሕፃናቱን እናቶቻቸው ደረት ላይ አስቀመጣቸው። በአዲስ አበባም ተጠንቷል። በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመው የፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና የባልደረባቸው ጥናት፣ ቶሎ ደረት ላይ ከተደረጉት 62 ሕፃናት 14ቱ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 60 ያህል ሕፃናት ግን 24ቱ ሞተዋል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው በጋና፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያና በሕንድ የተካሄደው ትልቅ ጥናት ደግሞ ልጁ ገና ሳይረጋጋ፣ ወዲያው ማቀፍ ሞትን ከ15.7 ወደ 12 በመቶ እንደሚያወርድ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት አሁን በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲታቀፍ ይመክራል።

ሆርሞኑ ምን አገባው? የበረደው ልጅ የበላውን ለመሞቅ ያቃጥለዋል። ደረት ላይ ያለው ልጅ ጭንቀቱ ይቀንሳል፣ ኮርቲሶሉ ይረጋጋል፣ ካሎሪው ለእድገት ይተርፋል። እናትዬው ደግሞ ኦክሲቶሲኗ ይነሳል፣ ወተቷ ይጨምራል። አባትም ማቀፍ ይችላል፤ ደረት ደረት ነው። ማዘል እናውቃለን አይደል? ይሄ ወደ ፊት ማዘል ነው። ልጁ ኮፍያ፣ ካልሲና ዳይፐር ብቻ ያድርግ፤ ቆዳ ከቆዳ ይነካካ፤ ከላይ ነጠላ ወይም ጋቢ ይታሰር። አንገቱ እንዳይታጠፍ ግን አደራ።

በቀን ስንት ግራም ይጨምር?

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይቀንሳል። ውሃ ነው የሚወጣው። ከክብደቱ አሥር በመቶ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ሊወርድና በሁለት ሳምንት ገደማ ሊመለስ ይችላል። ከዚያ በኋላ በኪሎ በቀን ከ15 እስከ 20 ግራም ይጠበቃል። 1,200 ግራም የሆነ ልጅ እንግዲህ ከ18 እስከ 24 ግራም ማለት ነው። የአንድ ቀን ቁጥር አታሳዱ፤ ሽንት ከመሽናቱ በፊትና በኋላ መመዘኑ ብቻ ሊለውጠው ይችላል። የሳምንቱን እዩ። ቁመቱና የጭንቅላቱ ዙሪያ በሳምንት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢጨምሩ ጥሩ ነው።

ከ1,500 ግራም በታች ለሆኑት የእናት ወተት ብቻውን ላይበቃ ስለሚችል ሐኪሙ ማበልጸጊያ ሊጨምርበት ይችላል። ወተቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። አጥንት የሚሠራበት ካልሲየምና ፎስፈረስ 80 በመቶው የሚገባው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ስለሆነ ነው። ለቫይታሚን ዲ ጠብታው በቀን 400 ዩኒት የተለመደ ነው፤ ፀሐይ ብቻ ለዚህ ልጅ አይበቃም። ብረትም ይታዘዝለታል። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ግን «ይወፍርልኝ» ብሎ በግድ ማጨቅ ጥሩ አይደለም። በፍጥነት የተከመረ ስብ በኋላ ከስኳርና ከደም ግፊት ጋር ይያያዛል።

ዕድሜውን ከየት ጀምሬ ልቁጠር?

ከሁለቱም፤ ከተወለደበት ቀንም፣ ሊወለድ ይጠበቅ ከነበረበት ቀንም። በስምንት ሳምንት ቀድሞ የተወለደ ልጅ የስድስት ወር ልደቱ ቀን እድገቱ የሚመዘነው እንደ አራት ወር ልጅ ነው። ክብደቱን፣ ቁመቱን፣ መቀመጡን እስከ ሁለት ዓመት በዚህ አስተካክላችሁ ቁጠሩ። ክትባት ግን በተወለደበት ቀን ነው የሚቆጠረው። ጥቂት ክትባቶች ክብደት እስኪሞላ ሊቆዩ ይችላሉ፤ ሐኪሙ ይነግራችኋል። «ትንሽ ነው፣ ይቆይለት» ብሎ በራስ ማዘግየት ግን ስህተት ነው።

ቀጣዩን እርግዝና ሆርሞን ያቆይልኛል?

የማህፀን አንገቷ በአልትራሳውንድ አጭር ሆኖ ለተገኘባት ሴት በብልት የሚቀመጥ ፕሮጄስትሮን ይረዳል። በየሳምንቱ ይሰጥ የነበረው ሌላው ዓይነት መርፌ ግን ጥቅሙ ስላልተረጋገጠ በ2023 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል። አሁንም «እሱን መርፌ» ብሎ የሚያፈላልግ ስላለ ነው የጠቀስኩት። ስታረግዙ ቶሎ ክትትል ጀምሩ፤ ያለፈውን በስንት ሳምንት እንደወለዳችሁ መጀመሪያ ተናገሩ።

ከሆስፒታል ስንወጣ ምን ይዘን እንውጣ?

ወረቀት። በስንት ሳምንትና በስንት ግራም እንደተወለደ፣ ሲወጣ ክብደቱና የጭንቅላቱ ልክ፣ ኦክስጅን ስንት ቀን እንደወሰደ፣ ታይሮይዱ ታይቶ እንደሆነ፣ የትኛው ጠብታ በስንት መጠን እንደታዘዘ። የዓይን ምርመራው የሚጀመረው ከተወለደ በአራት ሳምንት ገደማ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እሱ ነው። ቀኑ ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ሳይጻፍ አትውጡ።